አበባ ያየ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን ነጋዴውንም ተሸካሚውንም፣ የቤት እመቤቷንም ተማሪውንም ይነካል። አንድ ሰው ምልክት ቢያይ፣ ያየው ነገር ዕዳ ይሆንበታል ወይ? አበባ አይቶ «እንዴት ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ ይበቃል ወይስ ማየት ራሱ የሚጠይቀን ነገር አለ?

ወቅቱና ስሙ

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ብዙዎቻችን የአበባውን ወቅት «ጸደይ» እንለዋለን። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ስትከፍል ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን «መፀው» ትለዋለች። ጸደይ የምትለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ነው። በአውሮፓ አገሮች የአበባቸው ወቅት መጋቢት ላይ ብርዱ ሲለቅ ይጀምራል። እኛ ዘንድ አበባን የሚያመጣው ዝናቡ ጠግቦ መውጣቱ ነው። ስለዚህ እነርሱ ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት በመስከረምና በጥቅምት የእኛ ሜዳ ቢጫ ይለብሳል።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ጾመ ጽጌ ይባላሉ። ይህ ጾም ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም፤ የፈቃድ ጾም ነው። የሚታሰብበትም የእመቤታችን ስደት ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ እናት ልጇን ታቅፋ፣ አረጋዊው ዮሴፍ እየመራ፣ ሰሎሜም ተከትላ ወደ ግብፅ ወረዱ። ኢሳይያስ በ11ኛው ምዕራፍ ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው የተናገረውን ይዘው አበው እመቤታችንን በተክሉ፣ ጌታን በአበባው መሰሉ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ወቅት ሁለት ነገር አጣምራ ሰጥታናለች፤ ሜዳው በአበባ ሲያጌጥ እኛ ስደተኛ እናትን እናስባለን። አበባውና ስደቱ ለምን አንድ ላይ ሆኑ? የጥያቄያችን መልስ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ይመስለኛል።

ከመርካቶ እስከ እንጦጦ

እኛ የመርካቶ ሰዎች ወቅት መለወጡን የምናውቀው በሸቀጥ ነው። ደብተርና የተማሪ ቦርሳ መንገዱን ሲሞላ ነሐሴ ማለቁን እናውቃለን። ዶሮውና ቅቤው ሲወደድ ዕንቁጣጣሽ ደርሷል። ለምለም ሳርና አደይ አበባ በእቅፍ ታስረው በየመንገዱ ዳር ይደረደራሉ፤ ገዢው «ስንት ነው?» ይላል፣ ሻጯ ዋጋ ትጠራለች። ከዚያ ችቦ ይመጣል። ችቦው አልፎ ሽሮው፣ ምስሩና ዘይቱ በብዛት ሲጫን ደግሞ ጾም መግባቱን ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። አበባዋ የበቀለችበትን ሜዳ ሳያይ የሚያረጅ ስንት ሰው አለ!

ባለፈው ዓመት የጽጌ ሰሞን ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ወደ እንጦጦ ወጥተን ነበር። ከመርካቶ ታክሲ ይዘን ሽሮ ሜዳ ወረድን፤ ከዚያ ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። ወጣቶቹ «አደይን መጀመሪያ ያየ!» ብለው ተወራረዱ።

የወጣንበት ቦታ ታሪክ ያለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙት እዚያ ነበር፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ሲሰፋ የአገሩ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። ያን ጊዜ ከወደ አውስትራሊያ የተገኘው ዛፍ መጣ፤ ባሕር ተሻግሮ ስለመጣም ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነው እርሱ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። እኛም ረጅሙን መንገድ በባሕር ዛፍ መካከል ስንሄድ ያየነው ደረቅ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ብቻ ነበር። ወጣቶቹ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ዛፉ ሳሳ፤ ገላጣው ላይ ስንደርስ ጦስኙ ይሸታል፣ ከአንድ አሮጌ ጽድ ሥር ቀጋ ተጠማዟል፣ ዳር ዳሩን አደይ ፈክታለች። አንዲት ልጅ «አየሁ!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ሳቅን።

በዚያው ቅጽበት በመንገዱ ቁልቁል አንዲት እናት ወረዱ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ገመዱ ደረታቸውን ቆርጦት፣ ዐይናቸው መሬት መሬቱን እያየ። እንዲህ ዓይነት እናቶች በእንጦጦ ዳገት ለብዙ ዘመን ሲመላለሱ ኖረዋል። መንገድ ለቀቅንላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» ብለው አለፉ። አበባውን አላዩትም፤ ቀና ማለት አይችሉማ። ያቺ «አየሁ» ብላ የጮኸች ልጅ ዝም አለች። ጥቂት ቆይታም «ዲያቆን፣ እኛ ያየነው እሳቸው ያላዩትን ነው፤ ግን ደግሞ እሳቸውን አይተናል፤ አሁን ምን ማድረግ አለብን?» አለችኝ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የእርሷ ጥያቄ ነው።

ከወጣቶቹ ሁለቱ ሮጠው ሸክሙን እስከ ሽሮ ሜዳ ተቀባበሉላቸው። ጥያቄው ግን በዚያ አላለቀም፤ በማግስቱ ሌሎች እናቶች ይወርዳሉና።

ምልክት ማንበብ እናውቅበታለን

ከጥንት ጀምሮ ፍጥረትን እንድንመለከት ታዘናል። ሙሉው በግእዝ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ ሰማዩን፣ ክረምትና በጋውን፣ ዛፎቹን ተመልከቱ ይላል። ዛፎች ሁሉ ደርቀው ቅጠላቸው ሲረግፍ አሥራ አራቱ ግን ቅጠላቸውን ይዘው እንደሚቆዩ ይናገራል። ይህን ሁሉ የሚያሳየው ለመዝናናት ብቻ አይደለም። ፍጥረት ሁሉ ሥርዓቱን ሲጠብቅ እናንተ ግን አልጠበቃችሁም ብሎ ለመውቀስ ነው። ዛፉ ምስክር ሆኖ ቆመብን ማለት ነው።

ጌታችንም በማቴዎስ 24 የበለስን ቅጠል አይተን የበጋውን መቅረብ እንደምናውቅ ተናግሯል። በሉቃስ 12 ደግሞ ደመናውን አይተው ዝናቡን፣ ነፋሱን አይተው ሙቀቱን የሚያውቁ ሰዎች ዘመኑን መመርመር እንዴት አቃታቸው ብሎ ገሥጿል። ልብ በሉ፤ ማየት አትችሉም አላለም። ትችላላችሁ፣ ነገር ግን ችሎታውን ያዋላችሁት ለምንድን ነው ነው ጥያቄው።

ይህ ቃል መርካቶ ላይ በደንብ ይገባል። እዚህ ምልክት የማያነብ ሰው ምሳውንም አይበላም። ነጋዴው ጭነት መኪና ሁለት ቀን ከዘገየ ነገ ምን እንደሚወደድ ያውቃል። እህል በረንዳ ያለው ደላላ የጆንያውን ብዛት በዐይኑ መዝኖ የሳምንቱን ዋጋ ይገምታል። ተሸካሚው የመኪናውን ጎማ አይቶ ምን ያህል እንደተጫነ ይናገራል። ይህ ዕውቀት ነው፤ አይናቅም። ግን አንድ ነጋዴ የዘይት እጥረት ሊመጣ መሆኑን ከምልክቱ ቢያውቅና በዚያው ሌሊት መጋዘኑን ሞልቶ ቢቆልፍ፣ ጠዋት ደግሞ «የለም፣ አልቋል» ቢል፣ ምልክቱን በትክክል አንብቧል። ዕዳውን ግን አልከፈለም። በምሳሌ 11 እህልን የሚደብቅ ሰው ሕዝብ እንደሚረግመው የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሁለቱ ዮሴፎች

«እንዴ! ታዲያ ማከማቸት ኃጢአት ነው ወይ? ንግድ እኮ ያለ ማከማቸት አይሆንም» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱን ከመጽሐፍ እንፈልግ።

የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ በግብፅ ሳለ የፈርዖንን ሕልም ፈታ። የጥጋቡ ሰባት ዓመት፣ የረኀቡ ሰባት ዓመት ምልክት ታየው። ከምርቱ አንድ አምስተኛው እንዲከማች መከረ፤ ጎተራዎችን ሞላ። ረኀቡ ሲመጣም ጎተራውን ከፍቶ ሸጠ። ስለዚህ አከማችቷል፣ ሸጧልም። ከዘይት ደባቂው የሚለየው በምንድን ነው?

አንደኛ፣ ዮሴፍ ያየውን ተናገረ። ክፉ ዘመን እንደሚመጣ ንጉሡም ሹማምንቱም ሰሙ። ደባቂው ግን ትርፉ ያለው ሌላው ባለማወቁ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ቢያውቅ ትርፉ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የዮሴፍ ጎተራ የተሠራው በረኀቡ ቀን እንዲከፈት ነው። የደባቂው መጋዘን ግን ሰው በጣም በቸገረው ሰዓት የሚቆለፍ ነው። ያው ምልክት፣ ያው ማከማቸት፤ በሩ ግን ወደ ተቃራኒ ይዞራል። እንግዲህ በመርካቶ ያለህ ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፣ ራስህን መጠየቅ ከፈለግህ ረጅም ስብከት አያስፈልግህም። «የማውቀውን ደንበኛዬ ቢያውቅ አፍራለሁ ወይ?» በል። ካፈርክ፣ ዕዳው አለብህ።

ሁለተኛው ዮሴፍ የምንጾምለት የስደቱ መሪ ነው። እርሱም ሕልም አየ፤ እርሱም ወደ ግብፅ ወረደ። ማቴዎስ በ2ኛው ምዕራፍ እንደጻፈው የመልአኩን ቃል ሰምቶ ያን ሌሊት ተነሣ። ሽማግሌ ነው፤ መንገዱ በረሃ ነው፤ የሚታደገው ሕፃን ከአብራኩ የተከፈለ አይደለም። «ይንጋና አስብበታለሁ» ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ለእርሱ ማየትና መነሣት አንድ ነገር ነበሩ። እነሆ አበባውና ስደቱ አንድ ላይ የታሰቡበት ምክንያት ከዚህ ይገባናል። አበባውን ያየ ሰው አበባው ሊቀጠፍ ሲል ይነሣ ዘንድ ይገባዋል።

«ባላይ ይሻለኝ ነበር» ለሚል

ሐዋርያው ያዕቆብ በ4ኛው ምዕራፍ በጎ ማድረግን እያወቀ የማያደርግ ሰው ኃጢአት እንደሚሆንበት ጽፏል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ አለማየት ይሻላል፤ ያላየ አይጠየቅም» የሚል ብልጥ አለ። ይህ መንገድ ዝግ ነው። በሉቃስ 10 ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አይተው ገለል ብለው በሌላ በኩል አለፉ። እንዳያዩ መሄድ የሚችሉት መጀመሪያ ስላዩ ነው። ፊቱን ለማዞር የወሰነ ሰው የት እንዳለ ያውቀዋል። እኛም ለማኝ የሚቀመጥበትን ጥግ ለይተን የምንሻገር ከሆነ ዐይናችን አይቷል።

ሌላው ተቃውሞ ግን ከልብ የሚመጣ ነው፤ መናቅ የለበትም። መርካቶ ራጉኤል ደጅ ሊሳለሙ የመጡ አንድ በዕድሜ የገፉ ተሸካሚ ስለ እንጦጦው ጉዞ ሲሰሙ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ዲያቆን፣ እኛ እኮ ጆንያ ሥር ነን። አበባው የሚታየው ቀና ላለ ሰው ነው። ደግሞስ ያየሁትን ሁሉ ልሸከም ብል ትከሻዬ አንድ ነው።»

«አባቴ፣ እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ጌታችን በማቴዎስ 6 የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ ያለው ጊዜ ለተረፋቸው ሰዎች አልነበረም። ምን እንበላለን፣ ምን እንለብሳለን ብለው ለሚጨነቁ ነው የተናገረው። ጆንያ ሥር ላለው ሰው አበባው ሸክም እንዲጨምርበት አልተሰጠም፤ የሚያስብለት እንዳለ እንዲያውቅ ተሰጠው። ሁሉን መሸከምን በተመለከተም ደጉን ሳምራዊ እንመልከት። ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ጫነ፣ እንግዳ ማረፊያ አደረሰ፣ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ስመለስ የጎደለውን እጨምራለሁ አለ፤ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። በኢያሪኮ መንገድ የወደቀውን ሁሉ አንሣ አልተባለም። ዕዳው ዐይኑ ያረፈበትና እጁ የደረሰበት ነው። ይህ ልክ ለሰነፍ ማምለጫ አይሆንም፤ ቅን ሰው ግን ይተነፍስበታል።

እኚያ አባት ጥቂት አሰብ አድርገው «ይህማ እኛ ዘንድ አለ» አሉ። «አብሮኝ የሚሠራ ሰው ጠዋት ሲነሣ ወገቡን ከያዘ፣ ዛሬ እንደማይችል አውቃለሁ። አይናገርም፤ ካልሠራ አይበላማ። ከባዱን እኔ አነሣለሁ፤ ቀላሉን ለእርሱ እተውለታለሁ። ገንዘቡን እኩል እንካፈላለን።» እኔ መጽሐፍ ስጠቅስላቸው እሳቸው ኖረውት ነበር። ምልክት ማንበብ ማለት ይህ ነው።

የጎረቤት ክረምት

በእንጦጦ ጫካ የበጋን መጀመሪያ ምልክት እንደምንፈልግ ሁሉ፣ የሰው ክረምት ሲገባም መጀመሪያ ምልክት አለው። ችግር ድንገት አይመጣም፤ ቀስ ብሎ ያቆጠቁጣል። ቡና ስትጠራ የነበረች ጎረቤት መጥራት ካቆመች፣ ምናልባት ቡናው አልቆባት ይሆናል። ልጅ «ሆዴን አመመኝ» እያለ ከትምህርት ቤት ከቀረ፣ የታመመው ሆድ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዕቁብ ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚጥል ሰው ሁለት ሳምንት ካመለጠው፣ ዳኛው ከመቅጣቱ በፊት ቤቱን ሊያንኳኳ ይገባል። እነዚህ ምልክቶች ከአደይ ይልቅ ቅርባችን ናቸው፤ ዳገት አያስወጡም።

ስለ መስቀል ወፍ አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም በኋላ የምትጠፋ ይመስለናል። ወንዱ ያን ደማቅ ላባውን የሚለብሰው ለመራቢያው ጊዜ ነው፤ በሌላው ወራት ቡናማ ሆኖ ድንቢጥ መስሎ በመካከላችን ይኖራል። ወፏ አልሄደችም፤ እኛ ነን ያለየናት። ድኻውም እንዲሁ ነው። በበዓል ሰሞን «ነዳያንን እናብላ» ስንል ይታየናል፤ በዓሉ ሲያልፍ የሄደ ይመስለናል። እርሱ ግን ከእኛው ግቢ፣ ከእኛው ተራ፣ ቡናማ ለብሶ አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አደይ ከአንድ ወቅት በላይ አትኖርም። አብባ፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች፤ የመጪው ዓመት ሜዳ የሚያጌጠው አሁን በምትጥለው ዘር ነው። በማርቆስ 11 ጌታ የመጣባት በለስም ቅጠል ነበራት፤ የጎደላት ፍሬ ነው። ጾማችን ቅጠል ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። ምግቡን ለውጠን መጋዘኑን ከቆለፍን፣ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ያለው ጾም አልደረሰንም።

ስለዚህ በእነዚህ 40 ቀናት ሦስት ነገር እንድታደርጉ በወንድምነት እለምናችኋለሁ።

1. አንድ ቀን ውጡና ተመልከቱ። እንጦጦ የቻለ እንጦጦ ይውጣ፤ ያልቻለ በደብሩ ግቢ ካለች ወይራ ወይም ጽድ ሥር ይቁም። በአገራችን ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ የጥንቱ ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ የሆነበት ብዙ ቦታ አለ። ያን ጥላ ያገኘነው ቀድመው ያዩ አባቶች ስለጠበቁት ነው።

2. አንድ ምልክት አንብቡ። በግቢያችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ክረምት የገባበትን አንድ ሰው ለዩ። ሳይለምናችሁ፣ ሳታሳፍሩት፣ እጃችሁ የደረሰበትን አድርጉ። ከጾሙ የተረፈው የምሳ ገንዘብ ለዚህ ይሁን።

3. በንግድ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ክፈቱ። የሚወደድ መስሏችሁ ያስቀመጣችሁት ዕቃ ካለ፣ በዚህ ጾም በተገቢ ዋጋ ይውጣ። ጾሙ የፈቃድ እንደሆነ ሁሉ ይህም በፈቃድ ይሁን፤ ማንም አይቆጣጠራችሁም። ዕዳነቱ ግን አይቀርም፤ ዐይታችኋልና።

ሊቀ መላእክት ቅዱስ ራጉኤል በእንጦጦ ጫካም መቅደስ አለው፤ በመርካቶ ገበያ መካከልም መቅደስ አለው። በአንዱ ደጅ ዛፍ፣ በሌላው ደጅ ጆንያ አለ። የሚቀደስበት ምሥጢር ግን አንድ ነው። ጫካ ወጥተን ያየነውን ገበያ ወርደን እንድንከፍለው፣ የስደተኞቹ እናት ድንግል ማርያም በአማላጅነቷ ትርዳን። በዘመነ ጽጌ አበባውን ያሳየን አምላክ ለፍሬውም ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።